ዝም ያለ ራዲዮ ሁሉ የሞተ አይደለም

በብዙ ቤት ከቁም ሣጥን ላይ ወይም ከጓዳ ማዕዘን ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ አሮጌ ራዲዮ ይገኛል። ባለቤቱ ካለፈ በኋላ ልጆቹ ሊጥሉት ያፍራሉ፤ ሊሠሩት ደግሞ አያውቁበትም። ስለዚህ ዕቃው በቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ሆኖ ይኖራል። በዛሬው ጽሑፋችን ስለ እንዲህ ያለው ዕቃ አያያዝ ልንነጋገር አስበናል። ምክንያት የሆነንም በጌዴኦ ምድር በሬኮ የገጠመን ነገር ነው።

በዲላ ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ አንድ ዓርብ ቀን ከትምህርት በኋላ ቀርቦ፣ «መምህር፣ አያቴ ሲሞቱ የተዉት ራዲዮ ነበር። አጎቴ ለቁራሌው ይሸጥ ይላል፤ እማማ ግን እምቢ ብለዋል። መጥተው ቢያዩልን» ሲል ለመነን። በማግሥቱ ቅዳሜ ወደ ሬኮ ወጣን። እማማ በክብር ተቀብለው ቡና አፈሉልንና ከጋቢ ውስጥ አንድ ከባድ የብረት ሣጥን ፈትተው አሳዩን። ባለቤታቸው በወታደርነት ዘመናቸው የራዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ማታ ማታ የሩቅ አገር አማተሮችን በዚህ መቀበያ ያዳምጡ ነበር። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን 22 ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም።

በመንደሩ የኤሌክትሪክ መስመር ከገባ ብዙ ጊዜው አይደለምና ልጁ ስፒናውን ይዞ ከሶኬቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። እኛም ሳናስበው «ተው፣ ቆይ!» ብለን ጮኽን። እማማ ደንግጠው አዩንና፣ «መምህር፣ ይህን ብቻ ንገሩኝ፤ ሞቷል ወይስ ተኝቷል? ከሞተ ቁራሌው ይውሰደው፤ ከተኛ ግን ቀስ ብላችሁ ቀስቅሱልኝ» አሉ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከባለሙያም ቢሆን አልሰማንም።

አማተር ራዲዮ ማለት ለደመወዝ ወይም ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለወዳጅነት ሲሉ በራዲዮ የሚገናኙ ሰዎች ሥራ ነው። በአገራችን የራዲዮ ሥርጭት በአቃቂ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተጀመረ። ከዚያም በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ከአዲስ አበባ መናገር ጀምሮ እስከ 1969 ዓ.ም. በዚሁ ስም ቆየ። አማተሮች ግን ጣቢያቸው የየግላቸው ወይም የክበባቸው ነው። በዓለም ስምምነት ለየአገሩ የጥሪ ፊደል ተመድቧልና የኢትዮጵያው «ኢ ቲ» ይባላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአማተሮች ክበብ ጣቢያም «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚለው የጥሪ ስም ይታወቃል። ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ድምፁን ወደ አየር ሊያሰራጭ አይገባውም፤ ፈቃዱም የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የእማማ ሣጥን ግን መስሚያ እንጂ መናገሪያ አልነበረም።

አሁን ስለ ምን እንደ ጮኽን እንንገራችሁ። የ16 ዓመት ልጅ ሳለን በአባታችን ቤት ለዐሥር ዓመት ያህል ዝም ያለ የቫልቭ ራዲዮ ነበረ። ቫልቭ የምንለው ሲግል የሚቀላውን፣ አምፖል የሚመስለውን የመስታወት ዕቃ ነው። በትምህርት ቤት ስለ ኤሌክትሪክ ጥቂት ተምረን ነበርና ሁሉን ያወቅን መሰለን፤ አባታችን በሌሉበት ስፒናውን ሰካን። ቫልቮቹ ቀሉ፤ ራዲዮውም ማጓራት ጀመረ፤ እኛም ደስ አለን። ጥቂት ቆይቶ ግን እንደ ቀለጠ ሬንጅ ያለ ሽታ ሸተተን፤ ከኋላውም ጢስ ወጣ። ትራንስፎርመሩ ነዶ ነበር። አባታችን ሲገቡ አስቀድመው ያዩት ራዲዮውን ሳይሆን እጃችንን ነው። «እጅህ ደኅና ነው?» አሉና መስኮቱን ከፈቱ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ያ ራዲዮ እስኪያርፉ ድረስ ሳይናገር ከመደርደሪያው ላይ ቆየ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን ያፈሰስነውን ለመልቀም እንኳ አልቻልንም።

የጥፋቱን ምክንያት ያወቅነው ዘግይተን ነው። በእንዲህ ያለው ራዲዮ ውስጥ ካፓሲተር የሚባል፣ ኤሌክትሪክን እንደ ማሰሮ የሚያጠራቅም ክፍል አለ። ከካፓሲተሮቹም ትልልቆቹ በአሉሚኒየም ቅጠል ላይ እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን አላቸው፤ ኤሌክትሪኩን የሚያግደውም እርሱ ነው። ራዲዮው ብዙ ዓመት ሳይሠራ ሲቀር ይህ ሽፋን ይዳከማል፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽም ይደርቃል። በድንገት ሙሉ ኃይል ሲመጣበት ማገድ ይሳነዋል፤ ያን ጊዜ ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ይፈስና ቫልቩንም ትራንስፎርመሩንም ይዞ ይጠፋል። እንግዲህ አሮጌውን ራዲዮ የሚገድለው ብዙ ጊዜ እርጅናው ሳይሆን የመጀመሪያው ደቂቃ ጥድፊያ ነው።

በሬኮ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረ። እንደ ሃሊክራፍተርስ፣ ሃመርሉንድና ናሽናል ያሉ የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሠሯቸው የአማተር መቀበያዎች በአብዛኛው ለ117 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ የእኛ አገር መስመር ግን 220 ቮልት ነው። የእማማን ሣጥን ጀርባ ብናይ 117 የሚል ጽሑፍ አገኘን። ባለቤታቸው ኃይሉን የሚያወርድ ትንሽ ትራንስፎርመር ነበራቸው፤ እርሱ ግን ጠፍቷል። ልጁ ስፒናውን ሰክቶት ቢሆን ኖሮ ጥያቄያቸው በዚያው ቅጽበት መልስ ባገኘ ነበር።

የቦታውም ጠባይ መታሰብ አለበት። በእንሰትና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና የሚበቅልበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ለቡናው የተመቸው እርጥበት ለራዲዮ ግን ጠላት ነው። በወረቀትና በሰም የተሠሩት አሮጌ ካፓሲተሮች እርጥበት ይስባሉ፤ የብረት መገናኛዎችም ይዝጋሉ። የብራና መጽሐፍ እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ ከምድጃ ጢስ ማራቅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ማኖር፣ ከአይጥም መጠበቅ ነው።

በሬኮ ሦስት ቅዳሜ ስንመላለስ የዲላ ራዲዮ ሠሪ የሆነ አንድ ባለሙያ አብሮን ነበር። የሠራነውን በቅደም ተከተል እንጽፋለን።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ስፒናውን ሳንሰካ ማየትና ማሽተት ብቻ ነበር ሥራችን። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትተን አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግን፤ አሮጌ የአይጥ ጎጆም አወጣን። የኃይል ገመዱ ጎማ ደርቆ እየፈረሰ ስለ ነበረ በአዲስ ተለወጠ። እያንዳንዱ ቫልቭ የሚቀመጥበትን ቦታ በወረቀት ላይ ሥለን አንድ በአንድ እያወጣን እግሮቹን አጸዳን። ልጁ በሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች ሊያጠብቅ ፈልጎ ነበር፤ ከለከልነው። እነዚያ ብሎኖች የላሉ ሳይሆኑ የተቃኙ ናቸው። አንድ ጊዜ ያለ መሣሪያ ከተነኩ ራዲዮው ጣቢያውን ሁሉ ይስታል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ባለሙያው ትልልቆቹን ካፓሲተሮችና የወረቀቶቹን በካውያ እያቀለጠ አውጥቶ በአዲስ ተካ። መጠናቸው ከአሮጌዎቹ ጋር አንድ፣ የሚችሉት ቮልት ግን እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንባቢዎቻችንን በብርቱ እናስጠነቅቃለን። በቫልቭ ራዲዮ ውስጥ 250 ወይም 300 ቮልት ይገኛል፤ በአማተሮች ማስተላለፊያ ውስጥ ደግሞ ከ600 ቮልት በላይ ሊሆን ይችላል። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን ይዞ ይቆያልና ሰው ይገድላል። ባለሙያው ስፒናውን ነቅሎ፣ ኃይሉን በሬዚስተር በኩል አፍስሶ፣ በቴስተር ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጥ እጁን አያስገባም። ሲለካም አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ያደርጋል፤ ኤሌክትሪክ ከእጅ ወደ እጅ በልብ በኩል እንዳያልፍ ነው። ትራንስፎርመር የሌላቸው አንዳንድ ራዲዮኖች ደግሞ የብረት አካላቸው ራሱ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ነው። ስለዚህ የውስጡን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ተዉት፤ ልጆችም ብቻቸውን ክዳኑን አይክፈቱ።

በሦስተኛው ቅዳሜ የመቀስቀሱ ሰዓት ደረሰ። ከ220 ወደ 110 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ከዲላ ይዘን ነበር። ባለሙያው በመስመሩ ላይ ባለ 100 ዋት አምፖል በተከታታይ አገናኘ። አምፖሉ በሽቦ የሚግለው የድሮው ዓይነት እንጂ ኤል ኢ ዲ መሆን የለበትም። በራዲዮው ውስጥ ኤሌክትሪኩ ያለ ገደብ የሚፈስበት ብልሽት ካለ አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ይበራል፤ ራዲዮው ግን ይተርፋል። በመጀመሪያ ደምቆ ቀስ በቀስ ከደበዘዘ መልካም ምልክት ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው የጆሮ ነው። በዜማ ቤት ሳለን መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፍነው ማን እንደ ሳተ በድምፁ ብቻ ይለዩ ነበር። ራዲዮም ሕመሙን በድምፁ ይናገራል። የማያቋርጥ ወፍራም ጉርምርምታ ካሰማ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ደክመዋል። ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ውስጡ ቆሽሿል። ቫልቩ በደረቅ እንጨት ቀስ ተብሎ ሲነካ ድምፁ የሚሄድና የሚመጣ ከሆነ እግሩ በሚገባ አልተገናኘም። ድምፁ ተዛብቶ የመጨረሻው ቫልቭ ከልክ በላይ ከጋለ፣ ከእርሱ በፊት ያለው ካፓሲተር ያፈሳልና ቶሎ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ወደ 20 ሜትር የሚሆን ሽቦ ከቤቱ እስከ ዋንዛው ዛፍ ዘርግተን ነበር፤ ሲመሽም ባለሙያው ማብሪያውን ተጫነ። አምፖሉ ደመቀ፤ ከዚያም ደበዘዘ። ጥቂት ጠብቀን አምፖሉን ከመስመሩ ብናወጣው ቫልቮቹ በሚገባ ቀሉ። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ልጁ መርፌውን ወደ 7 ሜጋኸርዝ ሲያደርሰው አጭርና ረጅም ፉጨት መጣ፤ አንድ አማተር ከሩቅ በሞርስ ይናገር ነበር። ልጁ «ምን ይላል?» አለን፤ እኛ ግን ሞርስ አናውቅም። እማማ መለሱለት፦ «አያትህ በዚህ ሰዓት እርሳስ ይዞ ይጽፈው ነበር። እኔ ቡና አቀርብለታለሁ፤ ሳይጠጣው ይበርድበታል።»

ሁሉ ነገር ተሳካ አንልም። አንድ ቫልቭ ደክሟል፤ ምትኩንም አላገኘንለትም፤ ስለዚህ ከሞገዶቹ አንዱ አሁንም ዝም እንዳለ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ካዳመጡ በኋላ እማማ፣ «ለዛሬ ይበቃዋል፤ አጥፉትና ይረፍ» አሉ። ለቁራሌው ይሸጥ ሲል የነበረው ልጃቸው ሣጥኑን ተሸክሞ ከምድጃው ራቅ አድርጎ ከፍ ባለ ቦታ አኖረው። ነጎድጓድ ሲመጣ የውጭው ሽቦ ከራዲዮው ላይ እንዲነቀል አሳስበን ወጣን፤ ልጁም እስከ መንገድ ሸኘን።

በቤታችሁ ዝም ያለ ራዲዮ ያላችሁ ወገኖች፣ ሞተ ብላችሁ ለመጣል አትቸኩሉ፤ ተኝቷል ብላችሁም ስፒናውን ለመሰካት አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት አንብቡ፤ ገመዱን እዩ፤ ቀጥሎም የሚያውቅ ሰው ጥሩ። ልጆቻችሁም አጠገባችሁ ሆነው ይመልከቱ፤ መታገሥን በቃል ብቻ ሳይሆን በዓይናቸው ይማሩታልና።

በሚመጣው ወር እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።