ብርቱካናማው መብራት ስለ ምን ቀላ?

ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ በሳይንስ ፋኩልቲ መጽሔት ላይ ቁም ነገር አለ ብሎ መጻፍ ለትዝብት ሊዳርግ እንደሚችል እናውቃለን። ብዙዎቻችን መምህራን ጨዋታን የምናየው የተማሪን የጥናት ሰዓት የሚሻማ ባላንጣ አድርገን ነው። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚህ የተለየ አስተያየት አልነበረንም። አስተያየታችንን ያስለወጠን አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ያቀረበችልን ጥያቄ ነው። ከጥያቄው ይልቅ ደግሞ እኛ የሰጠናት የተሳሳተ መልስ ነው ብንል ይሻላል።

ተማሪዋ ከኦፕቲክስ ክፍለ ጊዜ በኋላ ላፕቶፕዋን ይዛ ወደ ቢሯችን መጣች። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ማይንክራፍት የተባለው ጨዋታ ነበር። ይህ ጨዋታ ማርከስ ፐርሰን በተባለ ስዊድናዊ ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በሙሉ ይዘቱ የወጣ ሲሆን፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ከነኩባንያው በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ተጫዋቹ እያንዳንዱ ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ብሎኬት እየቆፈረና እየደረደረ ቤት፣ ዋሻ፣ ከተማም ይሠራበታል። በጨዋታው የተለመደ የብርሃን ሥርዓት መሠረት ሰማያዊ ነበልባል ያለው ችቦ ቢተከል እንኳ በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከሌላው ችቦ በቀለም አይለይም። ተማሪዋ ግን ከዋናው አዘጋጅ ውጭ ያሉ ሰዎች የጻፉትን ማሻሻያ፣ ተጫዋቾቹ «ሞድ» የሚሉትን፣ አክላበት ኖሮ ዋሻዋ በቀይ፣ በአረንጓዴና በብርቱካናማ ብርሃን ተሞልቷል።

«መምህር፣ ይህ መብራት አጠገቡ ብርቱካናማ ነው። ስምንት ብሎኬት ሲርቁት ግን ብርሃኑ ጥርት ያለ ቀይ ይሆናል። ስለ ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችን።

እኛም ብዙ ሳንጨነቅ «ፀሐይ ስትጠልቅ የምትቀላበትን ምክንያት አስቢ። አጭር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ቶሎ ይበተናል፤ ረጅሙ ይዘልቃል» ብለን ሸኘናት። መልሱ ሲሰሙት ያምራል፤ ነገር ግን ስሕተት ነበር።

ስሕተትነቱ የገባን ማታ ቤታችን ሆነን ቁጥሮቹን ስናሰላ ነው። በአየር ውስጥ የብርሃን መበተን ከሞገድ ርዝመት አራተኛ ኃይል ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ስለዚህ 450 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊ ብርሃን 650 ናኖሜትር ከሆነው ቀይ ብርሃን ከአራት እጥፍ በላይ ይበተናል። ይሁን እንጂ ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ብርሃኑ በጣም ረጅም የአየር ጉዞ ሲያደርግ ነው፤ በምትጠልቅ ፀሐይ ላይ የምናየውም ይህንኑ ነው። በዋሻ ውስጥ ባለ ስምንት ሜትር ርቀት ግን ይህ ልዩነት በዓይን የሚታይ ለውጥ አያመጣም። እንግዲያው መብራቱ የቀላው በሌላ ምክንያት መሆን አለበት። ምክንያቱን ያገኘነው ጨዋታው ብርሃንን የሚያሰላበትን ሕግ ከመረመርን በኋላ ነው።

ጨዋታው ብርሃንን እንዴት ያሰላል?

በጨዋታው ውስጥ አንድ ብሎኬት ሊይዝ የሚችለው ቦታ ሁሉ ከ0 እስከ 15 የሚደርስ የብርሃን ቁጥር አለው። ችቦ 14 ይሰጣል። ከችቦው አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ 13፣ ቀጥሎ ያለው 12 እያለ በየእርምጃው አንድ እየተቀነሰ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ብርሃኑ ወደ ስድስቱ ጎኖች እንጂ በሰያፍ ስለማይራመድ፣ በሜዳ ላይ የተተከለ ችቦ የሚያበራው ስፍራ ክብ ሳይሆን በማዕዘኑ የቆመ ካሬ ይመስላል። ሁለት ችቦዎች አንድን ቦታ ቢያበሩ ደግሞ ቁጥሮቹ አይደመሩም፤ የሚያዘው ከሁለቱ የሚበልጠው ብቻ ነው።

አዘጋጆቹ ይህን የመረጡት ፊዚክስ ሳያውቁ ቀርተው ነው ማለት አይገባም። ከ0 እስከ 15 ያለ ቁጥር በ4 ቢት ይጻፋል። ጨዋታው በአንድ ጥቅል የሚይዛቸው 16×16×16፣ ማለትም 4,096 ቦታዎች፣ የመብራት ብርሃናቸው በ2,048 ባይት ብቻ ይመዘገባል። የሰማዩ ብርሃን ለብቻው ሌላ 2,048 ባይት ይይዛል። ይህ ቁጠባ ጨዋታው በተራ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ረድቶታል።

ባለቀለም ብርሃን የሚያክለው ሰው በአንዱ ቁጥር ፋንታ ሦስት ቁጥሮች ያስቀምጣል፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ። ሦስት የበቃው በተፈጥሮ ያለው ብርሃን ሦስት ዓይነት ብቻ ስለሆነ አይደለም። የሰው ዓይን ቀለምን የሚለየው በሦስት ዓይነት የኮን ሕዋሳት ስለሆነ ነው። ቶማስ ያንግ ይህን ሐሳብ በ1802 እ.ኤ.አ. አቅርቦት ነበር። ጄምስ ክለርክ ማክስዌልም በ1861 እ.ኤ.አ. በሦስት ማጣሪያዎች የተነሡ ሦስት ፎቶግራፎችን በአንድ ላይ በማብራት ባለቀለም ምስል አሳይቶበታል። ዛሬም ማንኛውም ስክሪን የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

የመብራቱ ምሥጢር የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። የተማሪዋ ብርቱካናማ መብራት ቁጥሮቹ 15 ቀይ፣ 8 አረንጓዴ፣ 0 ሰማያዊ ነበሩ። ከሦስቱም በየእርምጃው አንድ አንድ ሲቀነስ፣ ከአራት ብሎኬት በኋላ 11፣ 4 እና 0 ይሆናሉ። ከስምንት ብሎኬት በኋላ ደግሞ 7፣ 0 እና 0 ይሆናሉ። አረንጓዴው አለቀ፤ ቀዩ ብቻውን ቀረ። ብርሃኑን ያቀላው መበተን ሳይሆን ቅነሳ ነው። በእውነተኛው ዓለም ብርሃን ከመብራቱ በራቀ ቁጥር ሦስቱም ቀለማት በእኩል መጠን ሳይሆን በእኩል ንጽጽር ይደክማሉ። ርቀቱ ሲታጠፍ ቀዩም አረንጓዴውም ሩብ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ብርቱካናማው ፈዘዘ እንጂ አልቀላም እንላለን።

መልሳችንን ስለማንሣት

በማግስቱ ተማሪዋን አስጠርተን የትናንቱን መልሳችንን አነሣን። ይህ ለመምህር ቀላል ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኛ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ካስተማርነው ይበልጣል። ተማሪዋ የሞዱን ጽሑፍ ከፍታ «አንድ ቀንስ» የሚለውን ሕግ «በ0.8 አባዛ» በሚል ተካችው። አልተሳካላትም። ቁጥሮቹ 16 ደረጃ ብቻ ስላላቸው ማጠጋጋቱ ቀለሙን መልሶ አዛባው። ደረጃዎቹን ወደ 256 ስታሳድግ ብርቱካናማው ብርቱካናማ ሆኖ ዘለቀ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ በ2,048 ባይት ይመዘገብ የነበረው ጥቅል አሁን 12,288 ባይት፣ ማለትም ስድስት እጥፍ ፈለገ።

እኛም «አሁን የጻፍሽው ሕግ የብርሃን ሕግ ነውን?» ብለን ጠየቅናት። ጥቂት አስባ «አይደለም መምህር፤ ይህ የጉም ሕግ ነው» አለችን። እውነቷን ነው። በየሜትሩ ተመሳሳይ ክፍልፋይ የሚያጣ ብርሃን በጉም ወይም በደፈረሰ ውሃ ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን ነው፤ የቢር እና የላምበርት ሕግ የምንለው ይኸው ነው። ከአምፖል ወጥቶ በንጹሕ አየር የሚሠራጭ ብርሃን ግን በርቀቱ ካሬ ነው የሚደክመው። ይህን ልዩነት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለዓመታት ስናስተምር ኖረናል። ተማሪ በራሱ አንደበት ሲናገረው የሰማነው ግን ያን ዕለት ነው።

ተማሪዎቻችን የርቀት ካሬን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ ሳይሳሳቱ ይጽፋሉ። ሕጉ የተጣሰበትን ሥዕል ፊታቸው ሲያዩ ግን አያውቁትም። እኛ መምህራቸውም አላወቅነውም። የሸመደድነው ውብ ማብራሪያ ስለነበረን ያየነውን ነገር ሳንመረምር ማብራሪያውን ለጠፍንበት። ዶክትሬታችንን በውጭ አገር ስንሠራ አማካሪያችን የኮምፒውተር ስሌት ይዘን በቀረብን ቁጥር ውጤቱን ከማየታቸው በፊት «ይህ ስሌት ምን ትቷል?» ብለው ይጠይቁን ነበር። ያ ልማድ አገር ቤት ስንገባ ከሻንጣችን ሳይወጣ የቀረ ይመስላል።

ሁለት ተቃውሞዎች

አንድ የሥራ ባልደረባችን ይህን ሲሰሙ «ሐሰተኛ ፊዚክስ በማሳየት እውነተኛውን ማስተማር እንዴት ይቻላል?» ብለውናል። ተቃውሟቸው ክብደት አለው። ሆኖም ሰበቃ የሌለው ተዳፋት፣ ክብደት የሌለው ገመድ እያልን በሰሌዳ ላይ የምንሥላቸውስ እውነተኞች ናቸውን? ሞዴል ሁሉ የሚተወው ነገር አለ። ልዩነቱ ተማሪው የተተወውን ነገር ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል ወይስ አያገኘውም የሚለው ነው። በዚያው ጨዋታ የተለመደ ሥርዓት ውስጥ ባለቀለም መስተዋት የሚያልፍበትን ብርሃን አያቀልመውም። በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን ግዙፍ ባለቀለም መስተዋት ያየ ተማሪ ግን መስተዋት ከነጩ ብርሃን የቀረውን መጥጦ የራሱን ቀለም እንደሚያሳልፍ ያውቃል። ሁለቱን አነጻጽሮ «ጨዋታው የተወው መምጠጥን ነው» ማለት ከቻለ ትምህርቱ ገብቶታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመሣሪያ እጥረት ነው። የብርሃን ጨረሮችን ጉዞ አንድ በአንድ የሚከተለውና በዲሴምበር 2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የጨዋታው እትም ውድ የግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል። እኛ የምንለው ግን ያንን አይደለም። ለትምህርት የሚበጀው ቀላሉና ጉድለቱ የሚታየው ሥርዓት ነው፤ ይህም በተራ ኮምፒውተር ይሠራል። ጨዋታውን መግዛት ለማይቻልበት ቤተ ሙከራም ቀድሞ ማይንቴስት ይባል የነበረውና ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሉዋንቲ የተሰኘው ተመሳሳይ ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ፣ የምንጭ ጽሑፉም ለማንም ክፍት የሆነ ነው።

ያቀረብነው ሐሳብ

ጨዋታ የቤተ ሙከራን ቦታ ይተካ አላልንም። የምንጠይቀው በኦፕቲክስ ኮርስ ውስጥ አንድ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ በጨለመ ክፍል ውስጥ የአንድ አምፖልን ብርሃን በእጅ ስልካቸው ዳሳሽ በ1፣ በ2 እና በ4 ሜትር ርቀት ይለኩ፤ ወደ 1፣ ሩብ እና አንድ አሥራ ስድስተኛ የሚጠጋ ንጽጽር ያገኛሉ። ቀጥሎ በብሎኬቱ ዓለም ችቦ ተክለው በተመሳሳይ ርቀት ቁጥሩን ያንብቡ፤ 13፣ 12 እና 10 ያገኛሉ። በመጨረሻም ባለቀለሙን ሞድ ከፍተው ጨዋታው የትኛውን የተፈጥሮ ሕግ እንደጠበቀ፣ የትኛውን እንደጣሰና ለማረም ምን ያህል ማኅደረ ትውስታ እንደሚያስከፍል በአንድ ገጽ ይጻፉ።

ዛሬ ተማሪዎቻችን ከመጻሕፍት ይልቅ በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎችን ያያሉ። የአየር ጠባይ ትንበያውም፣ የሕክምና ምስሉም፣ ፎቶግራፍ የሚመስለውም ሥዕል በስሌት የተገኘ ነው። ውበቱ ሳያማልለው «ይህን ምስል የሠራው ሕግ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ካላወጣን፣ ቀመር የሚደግም ተመራቂ አወጣን ማለት ብቻ ነው። የትምህርት ክፍላችን ባልደረቦች ሐሳባችንን እንዲመረምሩት፣ ጉድለቱንም እንዲነግሩን በትሕትና እንጠይቃለን። ተማሪዋ ይህን ሁሉ ያስጀመረችው ስለ አንድ መብራት በጠየቀችን ጥያቄ ነው፤ ሌሎች ተማሪዎችም ላፕቶፓቸውን ይዘው ቢመጡ ቢሯችን ክፍት ነው።