በሌለበት የተሸነፈው ልጅ

ልጅዎ በጨዋታ ተሸንፎ ሲያለቅስ ቢያዩት ምን ይሉታል? ብዙዎቻችን «ጨዋታ ነው፣ ተወው» ብለን ወደ ጉዳያችን እንመለሳለን። ከሥራ ደክሞን የገባን ቀን ደግሞ መልሳችን ከዚህም ያጥራል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ይህችው አጭር መልስ በአንድ ቤት ውስጥ ያስከተለችውን ኩርፊያ ነው።

ደብዳቤው የደረሰን በአሜሪካ አገር፣ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ባለው በሜሪላንድ ግዛት ከሚኖሩ ኢትዮጵያዊት እናት ነው። እናቲቱ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ሆነው ይሠራሉ። 15 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አላቸው። ልጁ በትምህርቱ የሚታማ አይደለም፤ ሆኖም ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚቀመጠው ከአንድ የቪዲዮ ጌም ፊት ነው። ጨዋታው የአሜሪካን ፉትቦል ነው።

«አንድ ዓርብ ሌሊት ስልክ ተደወለልኝ» ይላሉ እናቲቱ። የአንዲት የሠፈራቸው ኢትዮጵያዊት እናት አዲስ አበባ ውስጥ ማረፋቸው ተሰምቷል፤ መርዶውም ቅዳሜ ሲነጋጋ እንዲነገር ተወስኗል። መርዶ እንደ ሠርግ አስቀድሞ አይነገርምና ልጃቸውን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ይዘውት ሄዱ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ወንበር ሲያመላልስ፣ ውኃ ሲያቀርብ፣ ለሚመጣው ለቀስተኛ መኪና የሚያቆምበትን ሲያሳይ ዋለ። ስልኩን «ለቅሶ ቤት ስልክ አይነካካም» ብለው ተቀብለው በቦርሳቸው ከተውት ነበር።

ማታ ቤታቸው እንደገቡ ልጁ ቴሌቪዥኑን ከፈተና ቆሞ ቀረ። ቡድኑ 24 ለ 20 ተሸንፏል። እሱ ስላልነበረ ጨዋታውን የተጫወተለት ኮምፒዩተሩ ነው።

«በሜዳዬ እኮ ነው፣ እማዬ! እኔ በሌለሁበት በገዛ ሜዳዬ ተሸነፍኩ!» አለ።

እናቲቱ ሳቃቸው መጣ። «ሜዳህ የት ነው? ይህ ሳሎን ነው?» አሉት። እንባውን ሲያዩ ግን ሳቁ ወደ ቁጣ ተለወጠ። «ሰው እናቷን አጥታ፣ አንተ ለጌም ታለቅሳለህ?» አሉት። የመኝታ ቤቱ በር ተዘጋ። ደብዳቤው ሲጻፍ 6 ቀን ሆኖታል፤ እናትና ልጅ በአንድ ገበታ አልቀረቡም። «ማሽኑን አውጥቼ ልሽጠው ወይስ ሐኪም ቤት ልውሰደው?» ሲሉ ይጠይቁናል።

እውነቱን ለመናገር፣ ደብዳቤውን አንብበን ስንጨርስ ልባችን ከእናቲቱ ጋር ነበር። ሰው የሞተበት ቤት ውሎ የመጣ ልጅ ስለ ቴሌቪዥን ጨዋታ ሲያነባ ማየት ለማንም ያስቆጣል። ነገር ግን ያልገባንን ነገር ከመፍረዳችን በፊት ልጁ ያጣው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ፈለግንና ጨዋታውን የሚያውቅ አንድ ወጣት አስቀምጠን ጠየቅን። የተረዳነውን ለእርስዎም እንነግርዎታለን፤ ምናልባት በእርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ይኖር ይሆናል።

የአሜሪካን ፉትቦል ስሙ እግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሱ በአብዛኛው በእጅ የሚያዝ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል ወደ ፊት ለመግፋት 4 ሙከራ ይሰጠዋል። ከተሳካለት ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል፤ ካልተሳካለት ኳሱ ለባላጋራው ያልፋል። ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መሥመር ያለፈ 6 ነጥብ ያገኛል፤ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል በእግሩ መትቶ ያሳለፈ ደግሞ 3። በየሙከራው መካከል ጨዋታው ስለሚቆም፣ ማን ወዴት እንደሚሮጥና ማን ማንን እንደሚከለክል በየጊዜው ይታቀዳል። ጉልበት የሚበዛበት ጨዋታ ቢመስልም ከግማሽ በላይ የአእምሮ ሥራ ነው ብንል አላጋነንም።

ልጁ የሚጫወተው ጌም «ማደን» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከአሠልጣኙ ከጆን ማደን ነው። ማደን እ.ኤ.አ. በጥር 1977 የኦክላንድን ቡድን ለአገሪቱ ዋንጫ ያበቁ፣ በኋላም በቴሌቪዥን ጨዋታ በማስተላለፍ የታወቁ፣ በ2021 መጨረሻ ያረፉ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ጌም የወጣው በ1988 ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩት ኮምፒዩተሮች አቅማቸው አነስተኛ ስለነበረ ሠሪዎቹ የተጫዋቾቹን ቁጥር ለመቀነስ ቢያስቡም፣ ማደን «11 ለ 11 ካልሆነ ስሜን አልሰጥም» በማለት እምቢ ማለታቸው ይነገራል። እንግዲህ ነገሩ ከመነሻው እንደ ዋዛ የተያዘ አልነበረም።

አሁን ወደ «ሜዳዬ» እንምጣ፤ እናቲቱን ያሳቃቸው እሱ ነውና። በአሜሪካ ዋናው ሊግ 32 ቡድኖች አሉ። ከ2021 ወዲህ እያንዳንዱ ቡድን በዓመት 17 መደበኛ ጨዋታዎች ብቻ ያደርጋል። ከእነዚህም ውስጥ በራሱ ሜዳ የሚያደርገው 8 ወይም 9 ነው። የቅርጫት ኳስ ቡድን በዓመት 41 ጊዜ፣ የቤዝቦል ቡድን 81 ጊዜ በሜዳው ሲጫወት የፉትቦሉ ጣቶችዎን ቆጥረው ሳይጨርሱ ያበቃል። በሜዳ የሚጣል ጨዋታ የሚያንገበግበው ስለዚህ ነው። የባለሜዳው ደጋፊ እየጮኸ ኳርተርባክ የሚባለውን የእንግዳውን ቡድን መሪ ድምፅ ያፍነዋል፤ ጓደኞቹ ትእዛዙን መስማት ያቅታቸዋል። የዴንቨር ከተማ ሜዳ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኑ እንግዶቹ ትንፋሽ ያጥራቸዋል ይባላል። (አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ቢያወጧቸው ምን ሊሉ ነው!) በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት አብዛኞቹ ሜዳዎች ባዶ ወይም ከፊል ባዶ ሆነው በዋሉበት ዓመት ባለሜዳዎቹ ያሸነፉት ከግማሽ ጥቂት ያነሰውን ጨዋታ ነው። የጌሙ ሠሪዎችም በ2021 ባወጡት እትም ለየሜዳው የተለየ የባለሜዳነት ጥቅም ጨምረውበታል። ስለዚህ ልጁ «በሜዳዬ» ሲል ሳሎኑን ማለቱ አልነበረም። የመረጠው የዋሽንግተንን ቡድን ነው፤ የእውነተኛው ቡድን ሜዳም እነሱ በሚኖሩበት በሜሪላንድ፣ ላንዶቨር በምትባል ቦታ ይገኛል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ግን የሚቀጥለው ነው። ልጁ ብቻውን አይጫወትም። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር በኢንተርኔት ሊግ አቋቁመዋል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቡድን ይመራል፤ ተጫዋች ይገዛል፣ ይለውጣል፣ ያሰልፋል። ሊጉ በየሦስት ቀኑ ወደሚቀጥለው ሳምንት ያልፋል። ቀጠሮው ሳይደርስ ያልተጫወተ ካለ የሊጉ ኃላፊ የሆነው ልጅ ሳምንቱን ሲያሳልፍ ኮምፒዩተሩ ራሱ ጨዋታውን አስልቶ ውጤቱን ይጽፋል። በዚህ ጊዜ የሚታየው የተጫዋቾቹ የችሎታ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ እስከ 99 ይደርሳል። በዚያ ላይ ዕጣ ይጨመርበታል። የልጁ ጣት፣ የልጁ ዓይን፣ ሳምንቱን ሙሉ በደብተሩ ጠርዝ ሲስለው የነበረው ዕቅድ ከሒሳቡ ውስጥ የሉም። ቡድኑ በቁጥር ሲታይ ደካማ ነበር፤ እስከዚያች ቀን ያሸነፈው በልጁ ብልሃት ነው። ብልሃቱ ለቅሶ ቤት ወንበር ሲያመላልስ ዋለ፤ ቁጥሩ ብቻውን ሜዳ ወጣ። ልጁ ማታ ሲገባ ያገኘው የተጻፈ ውጤት ነው። የሚቆጭበት የተሳሳተ ውሳኔ እንኳ የለውም።

ይህን በእርስዎ ቤት አድርገው ይመልከቱት። ለበዓል ድስት ጥደው፣ ሽንኩርቱን ከጠዋት ጀምረው አቁላልተው፣ ወጡ ሊደርስ ሲል ድንገት ለማይቀር ጉዳይ ተጠሩ እንበል። ሌላ ሰው ያማስልልዎታል። ሲመለሱ አርሯል። እንግዶቹ በር ላይ ናቸው። በዚህ መሐል አንድ ሰው «ወጥ ነው፣ ምን አለበት» ቢልዎ ምን ይሰማዎታል?

እንግዲህ ለእናቲቱ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ልጁን ወደ ለቅሶው መውሰድዎ ትክክል ነው፤ አንድ ልጅ በባዕድ አገር ሲያድግ የወገኑን ኀዘን የሚማረው እንዲያ ነው። ልጁ ማልቀሱም ጥፋት አይደለም። የሁለቱን ኀዘን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግን አልነበረብዎትም። ልጁ የሴትዮዋን ኀዘን መቼ አቃለለ? ከንጋት እስከ ማታ በእግሩ ቆሞ ሲያገለግል ውሏል። በደብዳቤዎ ውስጥ ወንበሩን፣ ውኃውን፣ መኪናውን ሁሉ ዘርዝረው ጽፈውልናል፤ «ተባረክ» ያሉት ስለ መሆኑ ግን አንዲት መሥመር አላገኘንም። ልጁ ያን ቀን ለለቅሶው የሰጠው ጉልበቱን ብቻ አልነበረም። በዓመት 8 ወይም 9 ጊዜ ከምትመጣው የሜዳው ጨዋታ አንዷንም ሰጥቷል። ትንሽ ናት ይሉ ይሆናል። ለ15 ዓመት ልጅ ግን ከኪሱ ያወጣው ትልቁ ገንዘብ እሷ ነበረች፤ ማታ ሲገባ ደግሞ ተሳቀበት።

ልጁም ቢሆን ያለ ነቀፋ አያልፍም። ሌሊቱን የሰው አባትና እናት ስታገላብጥ አድራ የምትመጣን እናት 6 ቀን ማኩረፍ ልክ አይደለም፤ ይህን በግልጽ ሊነግሩት ይገባል። ደግሞም ለሊጉ ኃላፊ «ለቅሶ ላይ ነኝ፣ ጠብቁኝ» ብሎ አንድ መሥመር ቢጽፍ ቀጠሮው ሊዘገይለት ይችል ነበር። ሆኖም ስልኩ በእርስዎ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ለሚቀጥለው ጊዜ በር ላይ አንድ ደቂቃ ይስጡት፤ ለቅሶ ቤቱን የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ማሽኑን ስለ መሸጥ፦ አይሽጡት። ሐኪም ዘንድ ስለ መውሰድም ይህን ያህል አይቸኩሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ከጌም ጋር የተያያዘውን የጤና ችግር በበሽታዎች መዝገቡ አስፍሯል፤ መዝገቡም ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ነገር ግን ይህ ችግር አለበት የሚባለው ጨዋታውን መቆጣጠር ያቃተው፣ ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ጨዋታውን ያስቀደመ፣ እየጎዳውም እንኳ የቀጠለ ሰው ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲታይ ነው። ሳይጠየቅ ወንበር ተሸክሞ የዋለ ልጅ ከዚህ መዝገብ ገና ሩቅ ነው።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። እርስዎ ሌሊት ሥራ ላይ ሲሆኑ ልጁ በስንት ሰዓት እንደሚተኛ የሚያይ ሰው በቤት የለም። ይህ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የብዙ ተረኛ እናቶች ጭንቀት ነው፤ እዚህ አዲስ አበባ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና በሆስፒታል በሌሊት ተራ የሚሠሩ እኅቶቻችንም ያውቁታል። ማሽኑ ከልጁ መኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎን ይቀመጥ። የሊጉን ቀጠሮና የእርስዎን ተራ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። ከመተኛቱ በፊት ጆይስቲኩን የሚያስቀምጥበት ሰዓት እሱ ራሱ ይወስን፤ የወሰነውንም ይጠይቁት። ልጅ ራሱ የቆረጠውን ሰዓት ሲጥስ ከእኛ ቁጣ ይልቅ ራሱ ያፍራል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

ይህንኑ ጽፈን ላክንላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አጭር መልስ መጣ። ከሥራ ሲመለሱ ጠዋት ቁርስ ሠርተው በሩን አንኳኩ። «ቅዳሜ ያደረግኸውን ሁሉ አይቻለሁ፤ ሳልነግርህ ቀረሁ» አሉት። ልጁ ወዲያው አልመለሰም። ከዚያ እሳቸው ጨዋታውን ያወቁ ለመምሰል «ታዲያ በመጨረሻ ለምን በእግር መትተው 3 ነጥብ አላገቡም ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«እማዬ፣ የተሸነፍነው በ4 ነው» አለና ሳቀ። እንቁላሉ እስኪቀዘቅዝ ሲያስረዳቸው ቆየ። እሳቸው ብዙው እንዳልገባቸው ጽፈውልናል።

ከቀሩት ጨዋታዎች በሜዳው የሚያደርገው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሐሙስ ማታ ነው። እናቲቱ የሐሙስን ተራ ከአንዲት ባልደረባቸው ጋር ተለዋውጠዋል።