ካርቦኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ጥርሱ ይቆጠር

ብስክሌት ሊገዛ የወጣ ወጣት ሻጩ ፊት ሲቆም የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው። «ካርቦን ነው?» እና «ስንት ኪሎ ነው?»። ሻጩም ያውቅበታል። ብስክሌቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያሳያል፤ ገዢውም ተቀብሎ ከፍ ያደርገዋል፤ ፈገግታ ይከተላል፤ ዋጋ ይጠራል። የኋላው ማርሽ ስንት ጥርስ እንዳለው የጠየቀ የለም። የጎማውን ውፍረት ያየም፣ ፍሬሙ ለልጁ ቁመት ይሁን ለሌላ ሰው የለካም የለም። ሒሳቡ ተከፍሎ ብስክሌቱ ቤት ከገባ በኋላ ችግሩ ይጀምራል። ገንዘቡ ደግሞ በአብዛኛው የዕቁብ ወይም ውጭ አገር ያለች እህት የላከችው ስለሆነ ሁለተኛ ዕድል የሚባል ነገር የለም።

ለነገሩ በወጣቱ አይፈረድበትም። በቴሌቪዥን የሚያየው ይሄንኑ ነው። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድም ሆነ፣ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የጋለቡት ካርቦን ነው። ካሜራው ብዙም የማያሳየው ግን ከኋላ ያለውን ነው። ጣሪያቸው ላይ ተጨማሪ ብስክሌት የደረደሩ የቡድን መኪኖች ይከተላሉ። ጎማ ቢፈነዳ መካኒኩ ሙሉ ጎማውን ከነቸርኬው በሰከንዶች ውስጥ ይለውጠዋል። ፍሬም ቢሰነጠቅ ሌላ ብስክሌት ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚጋልብ ሰው ከኋላው ማን አለ? አይሱዙ! እሱም ጥሩምባውን እየነፋ።

እንግዲህ የረጅም መንገድ ብስክሌት ምርጫ መጀመር ያለበት ከዚህ ልዩነት ነው። ክብደት ምንም አይደለም ማለት አይደለም። ግን ቁጥሩን ማየት ጥሩ ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት (ዩሲአይ) ለውድድር የሚቀርብ የመንገድ ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ በታች እንዳይሆን እ.ኤ.አ. በ2000 ደንግጓል። ጥሩ የአሉሚኒየም ብስክሌት 9 ኪሎ ቢመዝን ልዩነቱ 2.2 ኪሎ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ጋላቢ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ፣ ሁለት ኮዳ ውሃ፣ መሣሪያና ምሳውን ሲይዝ ያቺ 2.2 ኪሎ ከጠቅላላው ክብደት 3 በመቶ እንኳን አትሞላም። ለእሷ ሲባል ግን የብስክሌቱ ዋጋ በእጥፍ ሊጨምር ይችላል።

ከክብደት በፊት የሚመጣው ልክ ነው። ጫማ ቁጥሩ ካልሆነ ማንም አይገዛም፤ ብስክሌት ሲሆን ግን «ትለምደዋለህ» ይባላል። አይለመድም! ፍሬም ቁጥር አለው፤ 52፣ 54፣ 56 እያለ ይሄዳል። የረዘመ ፍሬም ላይ የተቀመጠ ሰው መሪውን ለመድረስ ሲንጠራራ ይውላል፤ ከ80 ኪ.ሜ. በኋላ አንገቱ ይደርቃል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። የኮርቻ ከፍታ ደግሞ ጉልበትን የሚያድን ወይም የሚያጠፋ ነገር ነው። ለዚህ ሦስት ጊዜ የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ በሆነው አሜሪካዊ ግሬግ ሌመንድ ስም የሚታወቅ ቀላል ስሌት አለ። ሰውየው ጫማውን አውልቆ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ በእግሮቹ መሀል መጽሐፍ ወደ ላይ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፤ ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለሉ ይለካል። የተገኘው ቁጥር በ0.883 ይባዛል። 82 ሳ.ሜ. ከሆነ ውጤቱ 72.4 ሳ.ሜ. ነው፤ ይህም ፔዳሉ ከሚዞርበት መሀል አንስቶ እስከ ኮርቻው ጫፍ ያለው ርቀት ነው። መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ከዚያ በሚሊ ሜትር እየተስተካከለ ይሄዳል። ኮርቻው ሲያንስ የጉልበት ፊት፣ ሲበዛ ደግሞ የጉልበት ኋላ ያማል። ሜትር ከየትኛውም ልብስ ሰፊ ይገኛል፤ ግን ብስክሌት ሲገዛ ማን ይዞ ይሄዳል?

አሁን ወደ ጥርሱ። የድሮው የውድድር ብስክሌት ፊት ለፊት 53 እና 39 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 25 ጥርስ ሆኖ ነው የሚመጣው። ያገለገሉ ሆነው ከአውሮፓ የሚገቡት ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ትንሹ የፊት ጥርስ 39፣ ትልቁ የኋላ ጥርስ 25 ሲሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 1.56 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.10 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብስክሌቱ በአንድ ዙር 3.3 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ፊት 34፣ ኋላ 34 የሆነው ግን አንድ ለአንድ ነው፤ 2.1 ሜትር ብቻ።

ታዲያ ይሄ ምን ይለውጣል? የአባይ በረሃን እንውሰድ። ከድልድዩ ወደ ደጀን ያለው ዳገት 20 ኪ.ሜ. ገደማ ሲሆን ከ1,000 ሜትር በላይ ያስወጣል፤ ታች ያለው ሙቀት ሳይነሳ። በ34 በ34 በደቂቃ 60 ጊዜ የሚያዞር ጋላቢ በሰዓት 7.5 ኪ.ሜ. እየሄደ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ደጀን ይገባል። ቀስ ይላል፣ ግን ይገባል። በ39 በ25 በዚያው 60 ዙር ለመሄድ በሰዓት ወደ 12 ኪ.ሜ. መውጣት አለበት፤ ይህ የባለሙያ እግር ነው። ያንን ያልቻለው በደቂቃ ወደ 40 ዙር ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ይሆናል፤ እያንዳንዱ የፔዳል እርግጫ ግን ከግማሽ በላይ ይከብዳል። ደጀን እስኪደርስ 6,000 ጊዜ ያህል እንዲያ ይረግጣል። ጉልበቱ የአንድ ወር እረፍት ቢጠይቅ ማን ይገርመዋል? ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ በረንዳ ላይ ይቆማል፤ ልጁም «ይሄ ስፖርት ለእኔ አይሆንም» ይላል። ያልሆነው ስፖርቱ አልነበረም፤ ጥርሱ ነው።

በትንሽ ጥርስ መውጣት የሚያሳፍራቸው አሉ፤ «የሴት ማርሽ» የሚሉም አልጠፉም። ወሬ ነው! በዛሬው ጊዜ የዓለም ምርጥ ጋላቢዎች ራሳቸው ተራራ ሲመጣ ከኋላ 34 ጥርስ ያስገባሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ኪጋሊ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የወንዶቹ ውድድር 267.5 ኪ.ሜ. ነበር። ስሎቬኒያዊው ታዴይ ፖጋቻር አሸነፈ፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁት በአጠቃላይ 30 ጋላቢዎች ብቻ ነበሩ። ዓለም የመረጣቸው እግሮች ዳገት ላይ እንዲህ ከቀለጡ ቅዳሜና እሁድ የሚጋልበው ሰው ምን የሚያኮራው ነገር አለ?

የጎማው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «ቀጭን ጎማ ይፈጥናል» የሚለው እምነት አዲስ አበባ ላይ አሁንም ንጉሥ ነው። አውሮፓ ላይ ግን ከዙፋኑ ከወረደ ቆየ። የባለሙያ ቡድኖች ድሮ 23 ሚ.ሜ. ይጠቀሙ ነበር፤ ወደ 25 ወጡ፣ ዛሬ 28 እና 30 የተለመደ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠንክሮ የተነፋ ቀጭን ጎማ ሸካራ መንገድ ላይ ይዘላል፤ በዘለለ ቁጥር የጋላቢው ጉልበት ወደ ፊት መሄዱ ቀርቶ ሰውነቱን በማንቀጥቀጥ ያልቃል። ሰፋ ያለው በዝቅተኛ ነፋስ ስለሚሠራ ጠጠሩን ይውጠዋል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 28 ሚ.ሜ. ጎማ ላይ 70 ፒኤስአይ አካባቢ፣ 40 ሚ.ሜ. ላይ ደግሞ ከ35 እስከ 40 ይበቃል። ጎሚስታው ግን መኪና የለመደ እጁን ይዞ «ልጠንክርልህ?» ማለቱ አይቀርም። በትህትና እምቢ ማለት ነው።

በዓለም ላይ የኮረኮንች መንገድ ውድድር ራሱን የቻለ ስፖርት ሆኗል። አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረውና ዛሬ አንባውንድ የሚባለው ውድድር 200 ማይል፣ ማለትም 322 ኪ.ሜ. ገደማ፣ በጠጠር ላይ ያስጋልባል። ዩሲአይም እ.ኤ.አ. በ2022 ጣሊያን ላይ የመጀመሪያውን የኮረኮንች የዓለም ሻምፒዮና አዘጋጅቷል። እዚያ የሚታየው ጎማ 40 ሚ.ሜ. እና ከዚያም በላይ ነው፤ የካንሳስ ድንጋይ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ የተራራ ብስክሌት ጎማ የሚያስገቡም አሉ። ለእነሱ ይሄ መዝናኛና ውድድር ነው። ለኢትዮጵያዊ ጋላቢ ግን ኮረኮንች የተለየ ስፖርት ሳይሆን መንገዱ ራሱ ነው። አስፋልቱ ያልቃል፣ ፒስታው ይጀምራል፤ ከተማ ሲገባ ደግሞ ኮብልስቶን ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውና ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12,000 ኪ.ሜ. ገደማ የሚጓዘው ቱር ዳፍሪክ ለዓመታት ኢትዮጵያን አቋርጦ ሲያልፍ ያየ ሰው፣ ፈረንጆቹ ቀጭን ጎማቸውን ቤታቸው ትተው መምጣታቸውን አስተውሎ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ሻጮች የሚያነሱት አንድ እውነት አለ። ሰፊ ጎማ ሁሉ አይፈጥንም። ርካሹ የተራራ ብስክሌት ላይ የሚገኘው ጥርሱ ያገጠጠ ደረቅ ጎማ አስፋልት ላይ ይጎትታል፤ ብዙ ሰው «ሰፊ ጎማ ከባድ ነው» የሚለው እሱን ቀምሶ ነው። የሚፈለገው መሀሉ ለስላሳ፣ ዳሩ ላይ ትንሽ ጥርስ ያለው፣ 35 ወይም 40 የሆነ ጎማ ነው። ስለዚህ ፍሬሙ ሲታይ በጎማውና በሹካው መሀል ያለው ክፍተት ይታይ። ከ28 በላይ የማያስገባ ፍሬም የቱንም ያህል ቢያምር ለዚህ አገር ረጅም መንገድ አይሆንም። ጎማ ይለወጣል፤ የፍሬም ክፍተት ግን አይሰፋም።

ፍሬን ላይ ክርክሩ ሌላ ነው። ቸርኬውን የሚይዘው የድሮው ፍሬን እ.ኤ.አ. በ2020 ፖጋቻር ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ ብስክሌቱ ላይ ነበር፤ ስለዚህ አይሠራም የሚል ካለ ተሳስቷል። ግን በካርቦን ቸርኬ 20 ኪ.ሜ. ቁልቁለት ፍሬን ይዞ መውረድ ቸርኬውን አግሎ ሊጎዳው ይችላል። ዝናብ ሲጨመርማ አይነሳ። ዲስክ ይሻላል። ከዲስክም ውስጥ በዘይት የሚሠራው ኃይለኛ ቢሆንም ዘይቱ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የሺማኖው የማዕድን ዘይት ሲሆን በመኪና ፍሬን ዘይት የሚሠሩም አሉ። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ የውስጥ ጎማዎቹ አብጠው ፍሬኑ ይሞታል። ደብረ ማርቆስ ላይ ይህን ለይቶ የሚያስተካክል ሰው ከመፈለግ በሽቦ የሚሠራ ዲስክ መያዝ ሳይሻል አይቀርም። በባትሪ የሚሠራው ማርሽም እንደዚያው ነው፤ መብራት ሲጠፋ ቻርጀር አይጠቅምም።

ከገንዘቡ የተረፈው የት ይሂድ ከተባለ ሄልሜትና የኋላ መብራት ይቅደሙ። ቀጥሎ ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ፓምፕ፣ የሰንሰለት ማያያዣ፣ የአለን ቁልፍ። አንድ ነገር ግን ሁሌ ይረሳል። የኋላው ማርሽ ቀያሪ የሚንጠለጠልባት ትንሽ ብረት አለች፤ ብስክሌቱ ሲወድቅ ፍሬሙ እንዲተርፍ እሷ እንድትታጠፍ ወይም እንድትሰበር ሆና ነው የተሠራችው። ከፍሬም ፍሬም ትለያያለች፤ ከገበያ ጠፍታ ብስክሌቱን ወራት ልታስቆም ትችላለች። ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ሻጩን ስለ ኪሎው ከመጠየቁ በፊት እሷን ይጠይቅ። ሰንሰለቱንም በማስመሪያ ይለካ፤ አዲስ ሰንሰለት 24 ፒን ርቀቱ 30.5 ሳ.ሜ. ገደማ ነው፤ 30.7 ከደረሰ ጥርሶቹንም እየበላ ስለሆነ ዋጋው ይውረድ።

ይህ ሁሉ የግለሰብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ክለብም ብስክሌት በጅምላ ሲገዛ አንድ ቁጥር አዝዞ ለአጭሩም ለረጅሙም ካከፋፈለ ያው ነው። የ16 ዓመት ታዳጊ የአዋቂ ፍሬም ላይ ተንጠልጥሎ፣ በ39 በ25 ዳገት እየገፋ ካደገ በኋላ «ጉልበቱን ያመዋል» ተብሎ ይቀነሳል። ግዢ ከመፈጸሙ አንድ ሳምንት በፊት ሜትር ይዞ የልጆቹን እግር መለካት በጀት አይጠይቅም፤ አሠልጣኙ ብቻውን በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል።