የወንዙ ዶሴ የት አለ?

ከጊዮርጊስ በኩል ወደ መርካቶ የሚወርድ ሰው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ሲሻገር ውኃውን ቁልቁል የሚመለከተው እምብዛም ነው። ተሸካሚው ሸክሙን፥ ነጋዴው ሒሳቡን፥ ተማሪው ፈተናውን ያስባል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑት፥ በብልኀታቸውም «አባ መላ» ይባሉ የነበሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስማቸው የቀረበት ይህ ድልድይ ለወጣት ሹም የሚያሳየው ነገር ስላለ፥ ዛሬ ከአንባብያን ጋራ ጥቂት እንድንቆምበት እንወዳለን።

ከእንጦጦ ግርጌ የሚነሡት ወንዞች ከተማውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሰንጥቀው ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ። ሁለቱ አቃቂዎች በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ከአዋሽ ይቀላቀላሉ። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያልቃል። እንግዲህ በመርካቶ አካባቢ ወደ ቦይ የተደፋ የሞተር ዘይት ክፍለ ከተማውን፥ ከዚያም ከተማውን፥ ከዚያም ክልሉን ሲሻገር የይለፍ ወረቀት የሚጠይቀው የለም። ይህም ብቻ አይደለም። በአቃቂ ዳር በወንዙ ውኃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ ገበያ ይመጣል፤ በቅጠሉም ውስጥ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የደፋነው በሌማት ይመለሳል ማለት ነው።

ሕጉ ይህን ሳያስብ የቀረ አይመስለንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ሕዝቡ በሚመለከተው የአካባቢ ጉዳይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ዐዋጅ ቁጥር 299ም ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ተፅዕኖው እንዲመረመር አዘዘ። ከዚያም አልፎ ጉዳቱ ከአንድ ክልል ወደ ሌላው ለሚሻገር ፕሮጀክት የተለየ ሥርዐት አበጀ፤ ይልቁንም የመንግሥት የራሱ ፕላንና ፕሮግራም ሳይቀር እንዲገመገም ደነገገ። በተግባር ሲሠራበት የታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው፥ ማለት የየፕሮጀክቱ ግምገማ ነው። ለአንድ ሰሞንማ የመገምገሙ ሥልጣን ፕሮጀክቶቹን ለሚመሩት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ለራሳቸው ተወክሎ ነበር። ፈታኙም ተፈታኙም በአንድ ወንበር እንደ መቀመጥ ያለ ነገር ነው።

በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ሰው በወንዝ ዳር ላቫጆ ለመክፈት ያመለክታል። ሹሙ መርምሮ «ተፅዕኖው አነስተኛ ነው» ብሎ ይፈርማል፤ አልተሳሳተም። በማግሥቱ ጋራዥ፥ በሳልስቱ ማቅለሚያ ቤት ይመጣል፤ የሁሉም ተፅዕኖ አነስተኛ ነው። መቶ ዶሴ በትክክል ተፈርሞ ወንዙ ግን ይሞታል። ሹሙ ሐሰት ስለ ጻፈ አይደለም፤ ወንዙ ራሱ ዶሴ ስለሌለው ነው። በክፍል ውስጥ «ተፋሰስ» ብለን ተምረን በመሥሪያ ቤት የምንሠራው በመዝገብ ቁጥር ነው።

አባ ሳሙኤል ለዚህ ምስክር ነው። በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው ይህ ግድብ ደለልና የከተማ ቆሻሻ እየሞላው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሥራ ፈቶ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሶ እንደ ገና ተነሣ። የማመንጨት ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ግድቡን ያቆመው አንድ ፋብሪካ ወይም አንድ ሠፈር ብቻ አልነበረም፤ ስለዚህ አንድም ዶሴ አስቀድሞ ሊነግረን አይችልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ የካያሆጋ ወንዝ ዘይትና ጥራጊ ተንሳፎበት በእሳት ተቃጠለ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ምክር ቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ከመወሰናቸው በፊት የአካባቢ ጉዳትን እንዲመረምሩ የሚያስገድደውን ሕግ አጸደቀ። አውሮፓውያንም በፕሮጀክት መገምገም ብቻ እንደማይበቃ ተረድተው እ.ኤ.አ. በ2001 ፕላኑና ፕሮግራሙም እንዲገመገም አዘዙ።

«ይህ ሁሉ ጥናት ሥራ ያዘገያል» የሚሉ አይጠፉም። መልሳችን ቀላል ነው፤ የአካባቢው ሁኔታ አንድ ጊዜ በደንብ ከተጠና የየአመልካቹ ዶሴ ያጥራል እንጂ አይረዝምም። ዛሬ ባለላቫጆው ስለ ወንዙ ከባዶ እንዲያስጠና ይጠየቃል፤ ነገ ባለጋራዡ ያንኑ ይደግማል፤ አማካሪውም ያንኑ ገጽ እየገለበጠ ይሸጣል። ገንዘቡም ቢሆን፥ በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ልማት 29 ቢሊዮን ብር እንደሚጠይቅ ተነግሮ ነበር። ሥራውን እናመሰግናለን። ነገር ግን ዳርቻው ሲዋብ ውኃው ውስጥ የሚገባው ካልተለካ አበባውን የሚያጠጣው ያው ውኃ ነው።

የምንጠይቀው አዲስ ዐዋጅ አይደለም። አዲስ አበባ፥ ኦሮሚያና የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ለአቃቂ ተፋሰስ አንድ የጋራ ዶሴ ይክፈቱ፤ ማንኛውም አዲስ ማመልከቻ ከዚያ ጋራ ተነጻጽሮ ይወሰን፤ ዶሴውም ለተማሪም ለገበሬም ክፍት ይሁን። መለኪያው ከእንጦጦ ሥር፥ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በላይና በታች፥ እንዲሁም ከአባ ሳሙኤል መግቢያ ሊጀመር ይችላል። ልኬቱ ከክረምት በፊት ቢጀመር የበጋውን ቀጭን ውኃ ከክረምቱ ጎርፍ ለይቶ ለማወቅ ያስችላል።