የሚንሳፈፍ መኪና፣ የሚሰምጥ መንገድ

በማኅበራዊ ሚዲያ ደጋግሞ የሚዘዋወር አንድ ቪዲዮ አለ። ግዙፍ መኪና ቀስ ብሎ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ጎማዎቹ መሬት ይለቃሉ፤ ከዚያ እንደ ጀልባ እየቀዘፈ ወዲያ ማዶ ይወጣል። አይተን «ለእኛ ክረምት ይኼ ነበር!» ያልን ጥቂት አይደለንም። እኔ ግን ነገሩን ከመደነቅ አልፈን ብንመረምረው ይሻላል እላለሁ።

መኪናው የቻይናው ቢዋይዲ ኩባንያ ሥራ ነው፤ ስሙ «ያንግዋንግ ዩ8» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 1,098,000 ዩዋን ነበር፤ 150,000 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ክብደቱ ወደ 3.5 ቶን ይጠጋል። እያንዳንዱ ጎማ የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር አለው፤ የአራቱ ኃይል ሲደመር 1,200 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ኩባንያው እንደሚለው ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ 3.6 ሰከንድ ይበቃዋል። ለዚያን ያህል ክብደት ይኼ የሚያስገርም ነው።

ውኃ ላይስ? ውኃው ሲያነሳው ባትሪ የሚሞላለትን የነዳጅ ሞተር ያጠፋል፣ መስኮቶቹን ይዘጋል፣ ለመውጫ እንዲሆን የጣሪያውን መስኮት ይከፍታል፣ ጎማዎቹን እያሽከረከረ ይቀዝፋል። ኩባንያው ቃል የገባው 30 ደቂቃ እንደሚንሳፈፍ ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሒሳቡን ሥሩት፤ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ሄዶ ጊዜው ያልቃል። መንገድ ላይ ማንም የማይደርስበት መኪና ውኃ ላይ እግረኛ ይቀድመዋል ማለት ነው። ኩባንያውም ቢሆን ይኼ ለአደጋ ጊዜ ብቻ እንደሆነና ከተንሳፈፈ በኋላ ወደ ጥገና ማዕከል ሄዶ መመርመር እንዳለበት ይናገራል።

ይኼ የመሐንዲሶቹ ስንፍና አይደለም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይሉ የለ? ጎማ የተሠራው አስፋልት እንዲይዝ ነው፤ ውኃ የሚገፋው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ የተመረተው «አምፊካር» ከኋላው ሁለት መቅዘፊያዎች ነበሩት፤ መንገድ ላይ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሮጥ ውኃ ላይ ከ11 ብዙም አያልፍም ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን አንዱን ገዝተው፣ «ፍሬን እንቢ አለ!» እያሉ እንግዶቻቸውን ይዘው ሐይቅ ውስጥ በመግባት ያስደነግጡ ነበር። ፕሬዚዳንቱን አዝናንቷል፤ ኩባንያውን ግን አላዋጣም፤ 3,900 ገደማ ብቻ ተመርቶ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። መኪና መንሳፈፉ በራሱ ደኅንነት አይደለም። እንዲያውም ተራው መኪና ጎርፍ ውስጥ ሰው የሚገድለው ስለሚንሳፈፍ ነው። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለአሽከርካሪዎች እንደሚያስጠነቅቀው፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ወራጅ ውኃ ትንንሽ መኪኖችን ይገፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትልልቆቹንም ይወስዳል። በሴኮንድ 2 ሜትር የሚወርድ ጎርፍ በሰዓት ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በ3 ኪሎ ሜትር የሚቀዝፍ መኪና ታዲያ የሚሄደው ሾፌሩ ወደፈለገው ሳይሆን ጎርፉ ወደፈለገው ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

ታዲያ ይኼን ችሎታ ለምን ይሸጡታል? ፍርሃቱ እውነተኛ ስለሆነ። ሐምሌ 20 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በቻይናዋ ዠንግዡ ከተማ በአንድ ሰዓት ውስጥ 201.9 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። የምድር ውስጥ ባቡር ውስጥ 14 ሰዎች ሞቱ፤ በአንድ የመኪና ዋሻ ውስጥ ደግሞ ከ200 በላይ መኪኖች ሰመጡ። በከተማዋ በጠቅላላው 380 ሰዎች እንደሞቱና እንደጠፉ፣ የአካባቢው ባለሥልጣናትም ቁጥሩን ሸሽገው እንደነበር የማዕከላዊው መንግሥት ምርመራ አረጋግጧል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዱባይም ሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ላይ ውድ ውድ መኪኖች ጎዳና ላይ ተውጠው አይተናል።

እንግዲህ ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። የሚንሳፈፍ መኪና ለሕዝብ ችግር የቀረበ የግል መልስ ነው። 150,000 ዶላር ያለው ጣሪያውን ከፍቶ ይወጣል፤ በባቡር የተሳፈረው፣ በሚኒባስ የሚሄደውና ወንዝ ዳር የሚኖረው ግን ያው እዚያው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ250 በላይ ሰዎችን የወሰደው አብዛኞቹን ከመኪና አውርዶ ሳይሆን ከቤታቸው ነው። እነሱን ሊያድን ይችል የነበረው ቀድሞ የሚሰማ ማስጠንቀቂያ፣ ጎርፍ የሚይዝ ግንብ፣ ከወንዙ ራቅ ያለ ቤት ነበር።

ከዚህ ቅንጦት የምንወስደው ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ «ኤሌክትሪኩ ውኃ ሲገባበት ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ የሁላችን ሆኗል። የሚጠቅመን የዩ8 መቅዘፍ ሳይሆን ባትሪው ውኃ እንዳይገባበት የታሸገበት ጥበብ ነው። ይኼ ደግሞ በተራ መኪናም ይገኛል። ባትሪው «አይፒ67» የሚል ደረጃ ካለው አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተፈትኗል ማለት ነው። ገዢው ስለ ወንበሩ ቆዳና ስለ ስክሪኑ ስፋት ከመጠየቁ በፊት ይኼን ይጠይቅ፤ አስመጪውም በጽሑፍ ይመልስ። ያገለገለ መኪና ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይብሳል፤ ማሸጊያው በግጭት ወይም በጥገና ተነካክቶ ከሆነ ወረቀት ላይ ያለው ደረጃ አያድንም። ውኃ ውስጥ የቆየ መኪናም ባለሙያ ሳያየው ቻርጅ አይደረግ።

የቀረው የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት የተጠረገ ቱቦ፣ ክዳኑ ያልተሰረቀ ማንሆል፣ ጎርፍ ሲበዛ ቶሎ የሚዘጋ ዋሻና መንገድ። ይኼ ቪዲዮ ላይ አያምርም፤ ማንም ተደንቆ አያጋራውም። ነገር ግን እግረኛውንም፣ ሚኒባሱንም፣ ባለ 1,200 ፈረስ ጉልበቱንም እኩል የሚያሳልፈው እሱ ነው።