ስኩዊድ በዲማ ሰማይ

ስኩዊድ የሚባለው የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት ከሚያሳልፍ ቁስ የሚሠራ ቀለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በፎርድ የመኪና ኩባንያ የምርምር ክፍል የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ጥቂት ፌምቶቴስላ የምታህል ለውጥ፣ ማለትም ከምድር መስክ በቢሊዮኖች ጊዜ የምታንሰውን፣ ይለያል። ከዚህ ተነሥቶ በማዕድን ፍለጋ ዙሪያ አንድ እምነት ሥር ሰዷል፦ መለኪያው በረቀቀ ቁጥር ከአየር የሚነሣው የከርሰ ምድር ምስል ይጠራል የሚል። መሬት ላይ ለቆመ መሣሪያ እምነቱ ልክ ነው፤ በሄሊኮፕተር ወይም በድሮን ለተጫነ ግን በአብዛኛው አይሠራም።

ስኩዊድ የሚለካው የመስኩን ጠቅላላ መጠን ሳይሆን ራሱ በዞረበት አቅጣጫ ያለውን ድርሻ ብቻ ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በዲማ አካባቢ፣ የምድር መስክ ወደ 36,000 ናኖቴስላ ይጠጋል። ከመስኩ ጋር ቀጤ ማዕዘን ሠርቶ የተቀመጠ መለኪያ የአንድ ዲግሪ አንድ ሺኛ ቢያዘነብል ንባቡ በ0.6 ናኖቴስላ፣ ማለትም በ600,000 ፌምቶቴስላ፣ ይዘላል። ከዓባይ ሸለቆ ሽቅብ የሚመጣ ነፋስ የሚያንገላታው ሄሊኮፕተር ደግሞ የሚወዛወዘው በሙሉ ዲግሪዎች ነው። እንዲህ ያለ በረራ ከዐለቱ ይልቅ የራሱን መንገዳገድ መዝግቦ ይመለሳል።

ደጋፊዎቹ መልስ አላቸው፤ ግራዲዮሜትር። ሁለት መጠምጠሚያዎች አብረው ሲሠሩ የጋራው መስክ ተቀናንሶ ልዩነቱ ብቻ ይቀራል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ የጀርመን የየና ከተማ ተመራማሪዎች በሄሊኮፕተር በሚጎተት መሣሪያ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሠርተውበታል። ሆኖም ሁለቱ መጠምጠሚያዎች ፍጹም እኩል ሊሆኑ አይችሉም፤ የቀረችው ጥቂት ጉድለት የምድርን ግዙፍ መስክ ታስገባለች። ይህን ለማረም ሌሎች የአቅጣጫ መለኪያዎችና ከባድ ስሌት ያስፈልጋሉ። የውጤቱ ጥራት የሚወሰነውም በእነርሱ ነው።

ዲማ የራሷን ችግር ትጨምራለች። በቅኔ ትምህርት ስመ ጥር የሆነው የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም የሚገኝበት የጎጃም ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተሸፈነ ነው። ከሥሩ ኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና አሸዋ ድንጋይ እንዳለ የዓባይ ገደል ገልጦ ያሳያል። ባዛልቱ ሲቀዘቅዝ የዘመኑን መስክ አቅጣጫ ይዞ ቀርቷል፤ በየመካከሉም የምድር መስክ ተገልብጧል። ስለዚህ የላይኛው ንጣፍ ብቻውን በመቶ ናኖቴስላ የሚቆጠር ዝብርቅርቅ ይፈጥራል። ያንን ለመመዝገብ የተለመደው የሲዝየም መለኪያ ከበቂ በላይ ነው፤ ጠቅላላ መጠኑን ስለሚለካም ማዘንበል እምብዛም አያሳስተውም። ከሥር ያለው ኖራ ድንጋይ ደግሞ መግነጢሳዊነቱ ኢምንት ስለሆነ ስኩዊድም አያወጣውም።

በዚህ ላይ አገሩ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት እኩለ ቀን ላይ መስኩን እስከ 100 ናኖቴስላና ከዚያ በላይ ያናውጣል። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ መስኩን የሚመዘግብ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ የተቋቋመውም በዚሁ ቦታ ምክንያት ነው። በዲማ መሬት ላይ ቋሚ መዝጋቢ ሳያቆሙ በአየር ላይ ፌምቶቴስላ መቁጠር ከንቱ ድካም ነው።

ማቀዝቀዣውም ቀላል አይደለም። በናይትሮጅን የሚሠራው ዓይነት ወደ 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይፈልጋል፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን ደግሞ በገጠር ወረዳ የሚታወቀው በላም አዳቃዮች እጅ ነው፤ ለእነርሱም አዘውትሮ ያጥራል።

ስኩዊድ ይምጣ ከተባለ፣ ላንድቴም የተባለው የአውስትራሊያ መሣሪያ እንደሚሠራው፣ መሬት ላይ ቆሞ ይለካ። በአየር ልብረር የሚል ተጫራች ሲቀርብ ግን በጀት የሚፈቅደው መሥሪያ ቤት የላቦራቶሪውን ቁጥር ትቶ በበረራ ላይ የተመዘገበውን የጩኸት መጠን ይጠይቅ።