ፈረስ ሴትንም ያደርሳል

ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወርድ ተማሪ ሁሉ አንድ ፈረሰኛ ያውቃል፤ በ1923 ዓ.ም. አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የቆመውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት። ከዚያ ሳይርቅ፣ በውቤ በረሃ አቅራቢያ፣ የእቴጌ ጣይቱ ስም በሆቴል ላይ ተጽፎ ይገኛል። ንጉሡ በፈረስ፣ እቴጌይቱ በሆቴል ይታወሳሉ። ይህን የምናነሣው ሐውልቱን ለመንቀፍ ሳይሆን አሳባችንን ለማስረዳት ነው።

በአገራችን ፈረስ ለጌታው ስም ይሰጣል። ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ ያሰኘው የፈረስ ስም ነው። ለመሆኑ ከመካከላችን የአንዲት ሴት የፈረስ ስም መጥራት የሚችል ስንት ነው? በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርንም ሆነ የጃን ሜዳን ጉግስ ስናነሣ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ወንድ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ኮርቻ ላይም ወጥቷል።

በደሉ የእኛ ብቻ አይደለም። ድሬሳዥ በሚባለው፣ ፈረስን በሥርዓት በማራመድ በሚደረገው የኦሊምፒክ ውድድር፣ ሴትም ሆነች የመኮንንነት ማዕረግ የሌለው ወታደር እንዳይገቡ ደንቡ ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ላይ በቡድን ያሸነፈችው ስዊድን በዓመቱ ወርቋን ተነጠቀች። ምክንያቱ ከ3ቱ ፈረሰኞቿ አንዱ፣ ፔርሶን፣ እውነተኛ መኮንን አይደለም መባሉ ነው። በ1952 ደንቡ ተሻሻለ፤ እነዚያው 3 ሰዎች ሄልሲንኪ ላይ ወርቁን መልሰው ወሰዱ። እንግዲህ የተለወጠው ደንቡ እንጂ ችሎታቸው አልነበረም።

በዚያው ውድድር 4 ሴቶችም ተሰለፉ። ከእነርሱ አንዷ የዴንማርኳ ሊስ ሃርተል ነበረች። በ1944፣ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ፖሊዮ ይዟት ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና ቀርታለች። ፈረስ ላይ ስትወጣም ስትወርድም ሰው ይደግፋት ነበር። ኮርቻው ላይ ከተቀመጠች በኋላ ግን ጁብሊ የተባለው ፈረሷ ታዘዘላት፤ ከአንድ ሰው በቀር ወንዶቹን ሁሉ በልጣ የብር ሜዳይ አገኘች። በ1956 ስቶክሆልም ላይ ያንኑ ደገመችው። ደንቡ ባይሻሻል ኖሮ ይህን ችሎታ ማን ያውቀው ነበር?

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ባህላችን አይፈቅድም» ይሉናል። ባህልን እንወዳለን። ነገር ግን ያልተሞከረን ነገር «አይቻልም» ማለት ባህል አይደለም፤ ስንፍና ነው። ሜዳው ላይ ያልቀረበች ልጅ ተሸነፈች ሊባል አይችልም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ማኅበራችን የስፖርት ውድድር ሲያሰናዳ እኅቶቻችንን ለጭብጨባና ለአበባ ማበርከት ብቻ አይጥራቸው፤ በተወዳዳሪነት ይመዝግባቸው። የጉግስ አለቆችም መጋለብ የምትሻን ልጅ ልጓም ያስጨብጧት። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። ሴትንም ያደርሳል፤ የቀረውን ለእርሷ እንተውላት።